ሳጥኑ ያልሰማው

ድፍን ጐንደር አንድ የጃፓን ሳጥን አመነ፤ እኔን የሚያምን ግን አንድ ሰው ጠፋ። ገዳዩ ከጐኔ ተቀምጦ ሲናገር በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት ብዬ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ነበር። መቶ አለቃው ከወረቀቱ ቀና ብሎም አላየኝ። የአዝማሪ ወሬ ለጠጅ ቤት ነው፣ ደህና ምስክር ካለሽ ይዘሽ ነይ ብሎ አሰናበተኝ። ደህና ምስክር ማለት ሱሪ የታጠቀ፣ ርስት ያለው፣ ስሙን መፈረም የሚችል ማለት ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትምም። በሰባት ዓመቴ የሰማሁትን ግጥም ዛሬም አንድ ቃል ሳላጎድል እመልሰዋለሁ። የእሱን መዝገብ አይጥ የበላው ዕለት እሱ ምን ይዞ እንደሚቀር እንጃ።

እንኳየሁ እባላለሁ። ቤቴ ቁስቋም ነው፣ ከፈረሰው ግንብ ዝቅ ብሎ። ባሌ ማሲንቆ መቺ ነበር። አንዲት ግጥም ቢገጥምባቸው ጣሊያኖች ከገበያ መሃል ሰቀሉት። ሦስት ቀን አታውርዱት ተብሎ ተንጠልጥሎ ሰነበተ፤ አሞራ ዓይኑን እንዳያወጣው ከሥሩ ቆሜ ድንጋይ ስወረውር ክንዴ ዛለ። ያኔ ጡት ያልጣለው ልጄ ፋንታሁን አድጎ የአባቱን ማሲንቆ ወረሰ። ኋላም አዘዘ የሚባል ዋሽንት ነፊ ከጭልጋ መጥቶ ተጠጋን። ከበሮው የእኔ ነው። ሦስታችን ሠርግ ስንጠራ እንሄዳለን፣ ሳንጠራ ቤቴ ተሰብስበን እንለማመዳለን።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ፋንታሁን ከመተማ ከመጣ ነጋዴ ድምፅ የሚቀዳ ሳጥን ገዛ። አዲሱን የሚገዛ ሹም ወይም ፈረንጅ ነበር፤ የእኛው ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ እጀታው የተበጠሰ ስለነበር በአንድ ወይፈን ዋጋ ተገኘ። እጀታውን በጠፍር አሰርነው። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ጥብጣቡ አንድ ብቻ ነበርና የዛሬው ልምምድ የትናንቱን እየደመሰሰ ይቀዳል። ቤቱ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጋቢና የበግ አጐዛ ሰቀልን፣ መሬቱን ገለባ ጐዘጐዝነው። ድምፅ የሚቀበለውን ቁራጭ ብረት ፋንታሁን "ጆሮው" ይለዋል። እሱን ከጣራው በገመድ አንጠልጥለን በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልነው። ርካሽ ነውና ጆሮው ደካማ ነው፤ የቀረበውን እንጂ የራቀውን አይሰማም። ስለዚህ ፋንታሁን ከሥሩ ተቀመጠ፣ አዘዘ አንድ ክንድ ያህል ራቀ፣ እኔ ደግሞ ከበሮሽ ሁሉን ይውጣል ተብዬ ከበሩ አጠገብ፣ ከመደቡ ሥር ተጣልሁ። በገዛ ቤቴ።

መጀመሪያ የቀዳነውን ሲያሰሙኝ ከበሮዬ ወደ ኋላ ይቀራል አሉኝ። ሳጥኑ ዋሾ ነው አልኋቸው። ደግመው ሲያሰሙኝ ግን አፌን ያዝሁ። እውነትም እጄ ይዘገያል። አዘዘ፣ የከበሮሽ ነገር ማኪና ያመለጠው መንገደኛ ይመስላል እያለ ይስቅብኝ ጀመር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ስቀዳም እንጨት ስለቅምም ጭኔን እየመታሁ ብቻዬን ተለማመድሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ኅዳር ላይ አንድ ከሰዓት ግራዝማች አድማሴ መጣ። የወገራ ሰው ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ሰፊ መሬት አለው። ለልጁ ሠርግ ሊጠራን ስለፈለገ ልምምዳችሁን ልስማው አለ። አረቄውን ይዞ ገባና ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ፣ ከእኔ ራስ በላይ ተቀመጠ። ሳጥኑ ከበርጩማ ሥር ሆኖ ጥብጣቡ ይሽከረከር ነበር፤ አላየውም። ነጠላ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለውንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀ። እኛም መጨረሻ ላይ የገዛ ሳቁን አሰምተን ልናስደንቀው ዝም አልን።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ልናገር። በአገራችን እንግዳ "ተቀበል" ካለ አዝማሪው "እሽ ጌታዬ" ይላል። ከበሮ ይቆማል፣ ማሲንቆው ዝቅ ይላል። እንግዳው ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ቃል በቃል ይመልሰዋል። እንግዳው ወደድሁ ካለ አዝማሪውም ወደድሁ ይላል፤ ገደልሁ ካለም ገደልሁ። ቃሉ የሰጪው ነው፣ አዝማሪው የሚያውሰው አፉን ነው። ይህን የማያውቅ የወገራ ሕፃን የለም።

ግራዝማች አራተኛውን መለኪያ ጨለጠና ተቀበል አለ። ልጄ እሽ ጌታዬ አለ። እኔ ከበሮዬን አቆምሁ። እሱም ከራሴ በላይ ሆኖ፣ አረቄው እየሸተተኝ፣ ቀስ ብሎ ሰጠ፦

"ጅራፉ ሳይወድቅ፣ ሳይፈታ በሬውን፣
ከግራር ሥር ሆኜ ጣልሁት በላቸውን።"

በላቸው በሰኔ ማሳው ላይ የተገደለ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ነው። ሲያርስ ከኋላው ተኮሱበት፤ በሬዎቹ ደንብረው ማረሻውን በሬሳው ላይ ጐተቱት። ወንድሙ ክንዱ ሲደርስ ሆድና አፈሩን መለየት አልቻለም ይባላል። ማን እንደገደለው ግን አልታወቀም ነበር። ከግራዝማች ጋር የድንበር ጠብ እንደነበራቸው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ግራዝማች የዚያን ዕለት ጐንደር ችሎት ነበርሁ ብሎ ምሎ ነበር።

የሰለጠነ አፍ ከልብ ይቀድማል። ፋንታሁን ግጥሙን ከነዜማው ሦስት ጊዜ መለሰው። ያለው ነገር ገብቶት የፊቱ ቀለም የተለወጠው በሦስተኛው ላይ ነው። ግራዝማች ከት ብሎ ሳቀና ተነሣ። ገድሎ ሳይፎክር ስድስት ወር መቀመጥ አንቆት ኖሯል፤ እኛን ደግሞ እንደ ሰው አልቆጠረንም። በሰው ፊት የማይለውን በአዝማሪ ፊት ማለት በዱር ከመጮህ አይለይም ብሎ ይሆናል። በሩ ላይ ቆሞ የወገቡን ሽጉጥ መታ መታ አደረገና፣ የቤት ወሬ የቤት ነው ብሎን ሄደ።

ፋንታሁን ወዲያው ሊደመስሰው ጐንበስ አለ። አዘዘ አንድ ጊዜ ብቻ እንስማው አለ። ሰማነው። የግራዝማች ድምፅ ከሩቅ ነበርና የለም ለማለት ይቻላል፤ ገኖ የሚሰማው የልጄ ነው። ግን ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልነውም። ልብ ያልነው ሌላ ነው። እንደዚያን ዕለት አብረን ተጫውተን አናውቅም። ዋሽንቱ ከማሲንቆው እቅፍ ውስጥ ይገባል፣ ከበሮዬ ሁለቱንም ተሸክሞ ይሄዳል፤ አንዲት ምት ወደ ኋላ አልቀረችም።

አይደመሰስም ያልሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት የሳቃችሁበት ከበሮ ይኸው፣ ሌላ ጥብጣብ እስኪገኝ ይቀመጣል አልኋቸው። ፋንታሁን ትክ ብሎ አየኝ።

"አባቴን ምን እንደሰቀለው ታውቂያለሽ" አለኝ።

"ዝም በል" አልሁት። ዝም አለ። እናቱ ነኛ።

በሳምንቱ፣ እኔ ሳላውቅ፣ አዘዘ ሳጥኑን ተሸክሞ ለገበያ ጠዳ ወረደ። ብርነሽ ከምትባል ጠጅ ሻጭ ቤት ገብቶ፣ የሚናገር ሳጥን እያለ ሰውን ሰበሰበ፤ ለአንድ ብርሌ አንድ ዘፈን ያሰማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ክንዱ፣ የሟቹ ወንድም፣ እህል አራግፎ በደጅ ያልፋል። ከጫጫታው መሃል የወንድሙን ስም ሰማ። ሲገባ የደረሰው "ጣልሁት በላቸውን" የሚለው ላይ ነው። ቀድሞ የነበረውን አልሰማም። ድምፁ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። አዘዘ ደንግጦ ወደ ጓሮው በር ሲያይ፣ አንዱ ሰካራም፣ የእንኳየሁ ልጅ የፋንታሁን ነው፣ ቁስቋም ነው ቤቱ አለው። ክንዱ ሳጥኑን ሊሰባብረው ዱላውን ሲያነሣ ብርነሽ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት አሉ። አዘዘ በጓሮ ዘሎ ወደ ጭልጋ፣ ወደ እናቱ ዘመዶች ጠፋ። ዋሽንቱን እንኳ ጥሎ።

በማግሥቱ ጠዋት ፋንታሁን የማሲንቆውን ጭራ ሲያጠብቅ በሩ ተሰብሮ ገባ። ክንዱና ሁለት ያጎቱ ልጆች ናቸው። አንድ ቃል አልጠየቁም። ክንዱ በምንሽሩ ሰደፍ ልጄን ግንባሩ ላይ ሲለው ከማሲንቆው ጋር ገለባው ላይ ተዘረረ። እንደ በቅሎ የፈረጠመው አንዱ ያጎቱ ልጅ ማሲንቆውን በእግሩ ደፈጠጠው። ዘነዘናውን አንሥቼ የክንዱን ትከሻ መታሁት፤ ዞር ብሎ በክርኑ አፌን ሲለኝ ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ተፋሁትና ደግሜ መታሁት። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ክንዴን ጠምዝዘው ግድግዳው ላይ ያጣበቁኝ።

ክንዱ ጐራዴውን መዘዘ። የልጄን ግራ እጅ በርጩማው ላይ አስተኝቶ ረገጠው። በየትኛው እጅህ ተኮስህ አላለውም፤ በየትኛው ትዘፍናለህ አለው። ሁለት ጣቶች ሲወድቁ አየሁ። ማሲንቆ መቺ በእነዚያ ጣቶች ነው ጭራውን የሚጫነው። ልጄ አልጮኸም፣ እኔ ነኝ የጮኽሁ። ግጥሙን የሰጠው ግራዝማች አድማሴ ነው፣ እዚህ፣ እዚህ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ከጐኔ፣ አልሁ። ክንዱ ሳቀብኝ።

"ድምፁን ሰምቻለሁ" አለ። "ሳጥን አያሽሟጥጥ፣ ሳጥን ጉቦ አይበላ።"

ለመጨረሻው ጐራዴውን ሲያነሣ በጃንሆይ አምላክ ብዬ አስማልሁት። ክንዱ ገበሬ ነው፣ ይህ ቃል እጁን ያዘው። አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆመ። በዚያች ትንፋሽ ፋንታሁን በመካከላቸው ሾልኮ በተሰበረው በር ወጣ። ሲተኩሱ ጥይቱ የጐረቤቴን አህያ ጣለ። ልጄ ደሙን እያንጠባጠበ ዳገቱን ወጥቶ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ገብቶም ሌላ ምን ያድርግ፣ የመማጸኛ ደወሉን ደወለ።

ወይ ልጄ። ያን ደወል የሚደውል ነፍሰ ገዳይ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ታቦቱ ይጠብቀኝ ማለት ነው። የደወለ ሰው አይነካም፣ ግቢውን ለቆ የወጣ ቀን ግን ደሙ ለፈላጊው ነው። ሰው ሁሉ ደወሉን ሲሰማ ከየቤቱ ወጥቶ፣ ገዳዩ ተገኘ አለ። ሳጥኑ ተናገረ፣ ደወሉ አጸደቀው። ቄሰ ገበዙ እጁን በሻሽ አስረው ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስተኙት። ክንዱ ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከበሩ ትይዩ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ሊጠብቅ። ልጄ ደም ፈሶት ትኩሳት ይዞታል፤ ሐኪም ይፈልጋል። ካልወጣ ይሞታል፤ ከወጣም ይሞታል።

ጣቢያ የሄድሁት ያኔ ነው፤ የተባልሁትን ነግሬያችኋለሁ።

ጠዳ ወረድሁ። ብርነሽ ሳጥኑን ከጠጅ ጋን ጀርባ ደብቃዋለች። ጥርሴን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ሰጠችኝ። ምነው እትየ፣ ልሸኝሽ አለች፤ አልፈልግም አልኋት። ከፒያሳ አዲስ ድንጋይ አስገባሁበት። አንድ ወጣት ባለሱቅ፣ እማማ ይህን ደግሞ ይችሉበታል ወይ ቢለኝ፣ አንተ ሳትወለድ ጣሊያን ስሰድብ ነበር አልሁት። ጥብጣቡን እስከ መጀመሪያው መለስሁ። ልጄ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ ለማየት ፊደል አያስፈልግም።

እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ደጁን ሲሞላው፣ ሳጥኑን ይዤ ክንዱ ፊት ቆምሁ። የምንሽሩን አፍ ደረቴ ላይ አደረገው።

"ዞር በይ። ባንቺ ጥይት አላባክንም።"

"ጥይቱን ከቆጠብህ ጆሮህን ስጠኝ" አልሁት። "ከመሃል ነው የሰማኸው። ከፊቱ ስማ።"

ያጎቱ ልጅ ሳጥኑን ሊረግጠው እግሩን ሲያነሣ ላዩ ላይ ተኛሁበት። ጐኔን ሁለት ጊዜ መታኝ፤ ሁለተኛው ላይ አጥንት ሲሰበር ተሰማኝ። አልጮኽሁም፣ ከሳጥኑም አልተነሣሁም። ሰው መጉረምረም ጀመረ። ክንዱ ተዋት አለ። ተነሥቼ ከፊቱ አስቀመጥሁና ከፈትሁት።

ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ። ክንዱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ከበሮው ቆመ። የልጄ ድምፅ "እሽ ጌታዬ" አለ። ማሲንቆው ዝቅ ብሎ ብቻውን ቀረ፣ አንድ ግጥም የሚሰጥበት ጊዜ ያህል። ከዚያ ነው ልጄ "ጅራፉ ሳይወድቅ" ብሎ የጀመረው።

አጠፋሁት። የክንዱ አገጭ ተንቀሳቀሰ።

"ድገሚው" አለኝ።

መለስሁለት። እሽ ጌታዬ። ዝምታ። ያን ጊዜ ምንሽሩን መሬት አስቀመጠና ተንበርክኮ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። የድምፁን ማጉያ መዘውር እስከ መጨረሻ አዞርሁት። በዝምታው ውስጥ በቅል ውስጥ እንዳለች ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ልጄ ሦስቴ መልሶ ሲጨርስ ደግሞ ሳቅ አለ። ክንዱ ከዚያ ሳቅ ጋር ድንበር ለድንበር ነው የኖረው። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሦስተኛው ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ቀና አለ።

"ለማን ነው እሽ ጌታዬ የሚለው?"

"ታውቃለህ" አልሁት። "ሠርግ ላይ ግጥም ሰጥተህ አታውቅም? ራሱ የገደለ ሰው ማንን እሽ ጌታዬ ይላል?"

"ምነው ታዲያ ይህን ጉድ አልደመሰሳችሁት?"

መዋሸት እችል ነበር። "ከበሮዬ አምሮብኝ ነው" አልሁት። "ልጄ ይጥፋ ብሎ ነበር። እኔ እንቢ አልሁ።"

አንድ ጊዜ አየኝ። የሰደበኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምንሽሩን አነሣ፣ አቀባብሎ ጥይቱን አጐረሰና ለያጎቱ ልጆች በቅሎዎቹን አምጡ አለ። ወደ ወገራ ሊገሠግሥ ነው። ሰውም መንገድ ለቀቀለት። ደም ሊመልስ የሚሄድን ሰው ማን ያቆማል።

እኔ አቆምሁት። የምንሽሩን አፈሙዝ በሁለት እጄ ያዝሁ። ልቀቂ አለ፤ አልለቅም አልሁ። ጐተተኝ፤ በጉልበቴ እየተጐተትሁ ተከተልሁት፤ የተሰበረው ጐኔ ዓይኔን አጨለመው። ልቀቂ ወይ እተኩሳለሁ አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጥርስ በሌለው አፌ ነገርሁት፦

"አድማሴ የትም አይሄድብህም፣ የሠርጉን ጠጅ እየጣለ ነው። ልጄ ግን ከዚያ በር ብቻውን ከወጣ፣ አንተ ብትተወው እንኳ ደወል የደወለ ገዳይ ነው እያለ የሚወግረው አይጠፋም። ያላሉት ነገር የለም። እኔ ብናገር የአዝማሪ ወሬ ነው፣ ሳጥኑንም ሰው ሁሉ ተንበርክኮ አይሰማውም። የሚያምኑት አንተን ነው፤ ባለ ደሙን። ስለዚህ ያን ምንሽር ለቄሰ ገበዙ ስጥ። ግባ። ጣቱን የቆረጥህበትን እጅ ሳመው። ከዚያ በጀርባህ ተሸከመው፣ በዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ በፒያሳ በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ ሐኪም ቤት ድረስ። መንገድ ላይ ማን ነው ያሉህን ሁሉ ቆመህ መልስ፤ የበላቸው ገዳይ ይህ አይደለም፣ እኔ ተሳስቼ ነው በል። ድምፅህን ከፍ አድርገህ። እኔ ከኋላህ እከተላለሁ፤ ቀስ ብለህ ብትናገር እሰማለሁ፣ አስደግምሃለሁም። ተነሥ፣ ግባ።"